ሦስተኛው ክር ይጠብቃል

ቡልጋሪያ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል ክራር አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት ለአንዱ ክራር አዲስ ክር ለወጥኩለት። ናይለን ተስቦ እስኪረጋ ድምፁን አይዝም። ስለዚህ «ሦስተኛው ክር ይጠብቃል» ብዬ ወረቀት ቀንበሩ ላይ ለጠፍኩ፤ እስከ ነገ ይቆይ፣ ማንም አይንካው ማለቴ ነበር። ከሥራ መልስ የምትማር አንዲት ነርስ መጥታ አነበበችው። ታዛዥ ናት፤ መቃኛውን ይዛ አጠበቀችው። ጧ ብሎ ተበጠሰ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ትንሽም የፊደላችን። «ብ» ጠብቆ ሲነበብ መታገሥ ነው፣ ላልቶ ሲነበብ መወጠር። መጥበቅን ለመናገር ቃሉን ማላላት! የሰዋስው መጻሕፍት የሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ያደርጋሉ፤ ወረቀት የሚለጥፍ የክራር አስተማሪ ግን ነጥቡን ከየት ያስታውሳል?

«እኛ ጋም አለ እኮ ጋሼ» አለችኝ እየሳቀች። «በቀኝ ጆሮው ድምፅ ይሰማል» ላልቶ ከተነበበ የሰውየው ጆሮ ደህና ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ ውስጡ የሚጮህ ነገር አለ። የታካሚውን ካርድ በእንግሊዝኛ መጻፋቸው በጃቸው።

እጄ ላይ ያለው መጥበቅና መላላት ግን በጽሑፍ አይገባም። ትዝታን ከሜጀር ወደ ማይነር ለማዞር ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ማላላት ነው፤ ሌላ ምንም የለም፣ ያው ዜማ ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ስቃኝ ክሩን ከልኩ በታች አወርደውና እያጠበቅሁ እመለሳለሁ። ከላይ ወርዶ የቆመ ክር ሁለቴ ሲመታ ይንሸራተታል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ይጽፋሉ፤ ጣታቸው እስኪለምደው ግን ወራት ይፈጃል።

እሷ ቶሎ ለመደች። ምክንያቱ የገባኝ አንጓዬን ወለም ብሎኝ በፋሻ ተጠቅልሎልኝ የመጣሁ ቀን ነው። ሳትጠይቀኝ ጥፍሬን ጫን አድርጋ ለቀቀችው። ነጣ። ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መመለስ ነበረበት፣ የኔ ዘገየ፤ ጣቶቼም ቀዝቅዘዋል። «ጠብቋል» ብላ ፈታችውና እንደገና ጠቀለለችው፤ በየዙሩ ጥፍሬን እየተጫነች፣ እኔ ክር እየነካሁ እንደማዳምጠው።

በተበጠሰው ፈንታ ሌላ ክር ስንተካ ወረቀቱን እሷ ጻፈችው፦ «አትንኩ»።