ውስጡን የማይደብቅ ጥቅል

የደቡብ ቬትናም ሰዎች ጎይ ኩዎን የሚሉት ጥቅል ምስጋና ይገባዋል። ስሱ የሩዝ ቂጣ ውኃ ነካ ተደርጎ ሲለሰልስ ይጠቀለላል እንጂ ዘይት ውስጥ አይገባም። ብርሃን ስለሚያሳልፍ የጠወለገ ሰላጣ መደበቂያ የለውም። ጠቅላዩም ይህን ያውቃልና ለሁለት የተሰነጠቀውን ሽሪምፕ ቀዩ ጀርባው ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጎ ይደረድራል። ከዚያ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ፣ ቀጭን የሩዝ ፓስታና ቅጠላ ቅጠል ይከተላሉ። በተለይ ናናው! እሱ ከቀረ ጥቅሉ ሩዝ በሩዝ ይሆናል።

በታይ ኒን ግዛት ትራንግ ባንግ ያሉት ባለሙያዎች ደግሞ ቂጣውን ለሌሊት ጤዛ ያሰጡታል፤ ውኃ ውስጥ ሳይነከር ይለሰልሳል። ይህን ትዕግሥት ከልብ አደንቃለሁ።

ብዙ የአገሩ ቡድሂስቶች በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ ስለማይበሉ ሙሌቱን በቶፉና በእንጉዳይ ይተኩታል። ከተብላላ አኩሪ አተርና ከኦቾሎኒ በተሠራው ወፍራም ማጥቀሻ ሲበላ ለእኛም የጾም ምግብ ይሆናል።

የሌላው ማጥቀሻ መሠረት ዓሣ ነው። በፉ ኩዎክ ደሴት ትንንሽ ዓሦች ከጨው ጋር በትላልቅ የእንጨት በርሜሎች አንድ ዓመት ያህል ይብላላሉ። የሚወጣው ፈሳሽ በውኃ ቀጥኖ ሎሚ፣ ስኳር፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይገባበታል። ጨዋማ፣ ኮምጣጣ፣ ጣፋጭና የሚያቃጥል ጣዕም በአንድ ጉርሻ ይደርሳሉ፤ ለሽሪምፑ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።