ሰቅልን ወቄት ብለው ስለሚተረጉሙ የቀረበ ሐተታ

ኦሪትን ሲተረጉሙ ሰቅል ከሚለው ሲደርሱ፥ ሰቅል ማለት ወቄት ነው ብለው የሚያልፉ መምህራን አሉ። ሰሚው ያላየውን በሚያውቀው ይረዳ ብለው ነውና አሳባቸው አይነቀፍም፤ ነገሩ ግን ከሚዛን ላይ ሲወጣ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ወቄት ምን ያህል ነው ቢሉ፥ በኋለኛው ዘመን በአገራችን ወርቅ የተመዘነው በማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነው፤ ጠገራውም 28.07 ግራም ይመዝናል። የፈረንጅ የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነውና፥ እርሱንም ከወቄት ጋራ አንድ የሚያደርግ ይሳሳታል።

ሰቅልስ ቢሉ፥ መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል። በዘፀአት 38 የተቈጠሩት ወንዶች 603,550 ናቸው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ቢያገባ 301,775 ሰቅል ይሆናል፤ ይህንም 100 መክሊትና 1,775 ሰቅል ይለዋል። እንግዲህ መክሊት 3,000 ሰቅል እንደ ሆነ ያለ ተርጓሚ ታወቀ። የሰቅልን ክብደት ግን በይሁዳ አገር ከምድር ተቈፍረው የወጡ የድንጋይ መመዘኛዎች ነገሩን፤ 11.3 ወይም 11.4 ግራም ያህል ነው። ቤቃ የሚል የተቀረጸበት የግማሽ ሰቅል ድንጋይም በኢየሩሳሌም መገኘቱ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2018 ተነግሯል። ስለዚህ አንድ ወቄት ሁለት ሰቅል ተኩል ያህል ነው።

በነገሥት ሣልስ ምዕራፍ 10 ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን የሰጠችው 120 መክሊት ወርቅ 360,000 ሰቅል ነው። ይህ 4,100 ኪሎ ያህል ሲሆን፥ ሰቅልን ወቄት ያሉት ከ10,000 ኪሎ በላይ ያደርሱታል። ለርብቃ የተሰጧት ሁለት የወርቅ አምባሮችም 10 ሰቅል፥ ማለት 114 ግራም ያህል ሳሉ፥ 280 ግራም ይሆናሉ። በእኛ በካኮ የበና ሴቶች ክንዳቸውን በብረት አምባር ስለሚሞሉ ሰሚው ክብደቱን ሰምቶ አይደነቅም፤ ስሕተቱም ሳይታወቅ ያልፋል።

ይህን ያስጻፈኝ ግን አምባር አይደለም። በአንድ ደብር ስድሳ ዓመት ያልሞላት መበለት ስለቷን በዘሌዋውያን 27 እንደ ተጻፈው ላድርስ ብላ ጠየቀች። ለሴት የታዘዘው 30 ሰቅል ብር ነው፤ 30 ሰቅል 30 ወቄት ነው ተብላ ከእናቷ የወረሰችውን 30 ጠገራ አገባች። በሚዛን የሚገባት 12 ነበር። ጠገራ ከሺህ 833 እጅ ብቻ ንጹሕ ብር ነውና መዳቡ ይቀነስ የሚል ተከራካሪ ቢነሣ እንኳ 15 ይበቃ ነበር። ደግሞም ያው ምዕራፍ፥ ተሳዩ ድሃ ቢሆን ካህኑ እንደ ችሎታው ይገምትለት ዘንድ ያዝዛል፤ ያንን ቃል ማንም አላነበበላትም። እኔም በዚያ ቀን ከቆሙት አንዱ ነበርሁ፥ ሒሳቡን ሳልሠራ ዝም አልሁ። ኋላ ሠርቼ ለአለቃው አቅርቤአለሁ፤ ጠገራው ግን እስካሁን ከዕቃ ቤቱ ሣጥን አልወጣም።