ከበሮውና መቺው

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የወጣው «ድራምላይን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የኮሌጅ ከበሮ መቺዎችን ኑሮ ያሳያል። የብዙ እጅ ምት እንደ አንድ እጅ መሰማቱን ስላሳየ ሊመሰገን ይገባዋል። ነባሩ አዲሱን ማስጨነቁን ግን የክብር ደጅ አስመስሎ ማለፉ ጉድለቱ ነው። በ2011 የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ጓድ የሰልፍ መሪ የነበረ የ26 ዓመት ወጣት፣ በጓዶቹ እጅ አውቶቡስ ውስጥ ተደብድቦ በዚያው ቀን ሞቷልና።

ነገሩ ሩቅ ቢመስልም ከበሮ ለአርሲ ደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። በአሰላ ለጥምቀት ከበሮ የሚያነሣ ወጣት፣ ጠፍሩ የጌታ ግርፋት ሰንበር ምሳሌ መሆኑን ከመምህራን ይሰማል። ሰንበሩ በከበሮው ላይ ካለ፣ በመቺው ጀርባ ላይ ሌላ መጨመር ስለ ምን ያስፈልጋል?