ተስፋውን ማን ቆረጠው?

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ተስፋ ማጣትን የሚናገር ዐረፍተ ነገር ያህል የሚያስቸግረኝ የለም። ወጣት ተርጓሚዎች የሚያሳዩኝ ረቂቅም አንድ መንገድ ይዞ ይመጣል፤ ሰውየው ለአፍታ ቢደነግጥም፣ ቢደክመውም፣ ጨርሶ ቢሸነፍም «ተስፋ ቆረጠ» ነው። ይህ ከባድ ፍርድ ነው። እንዲህ ከተባለ ቆራጩ ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ከቆረጠ ወዲያም የሚጠበቅ ነገር የለም።

ደብረ ማርቆስ ገበያ የሚሰማው አማርኛ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል። ልጇን ሥራ የነፈጉባት እናት «ቅስሙን ሰበሩት» ትላለች፤ ሰባሪ አለ ማለቷ ነው። የማዳበሪያ ዋጋ የከበደው ገበሬ «ወገቤን ቆረጠው» ይላል፤ ልቡ ግን ገና እርሻው ላይ ነው። ከጮቄ ተራራ በኩል የመጣ በረዶ ያሸተ ጤፉን መሬት ላይ ሲያስተኛበት ደግሞ «ወሽመጤ ቁርጥ አለ» ይላል። እንግሊዞች በዚህ ጊዜ «ልቤ ሰመጠ» ይላሉ። ቃል በቃል ብገለብጠው የማርቆስ አንባቢ ምን እንደተባለ አይገባውም። ወሽመጥ ግን ድንገተኛነቱንም ሕመሙንም ይዞ ይመጣል፤ ያ ገበሬ በማግስቱ ለጓያ መሬት ሊያዘጋጅ ቢነሳ አነጋገሩ አይቃወመውም።

እንግሊዞች «ፎጣ መወርወር» የሚሉት ከቦክስ የመጣ ነው፤ ተፋላሚው ሲጎዳ አሠልጣኙ ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን ያስቆማል። ብዙዎች «እጅ ሰጠ» ብለው ይተረጉሙታል። ጎጃም ውስጥ ይህን አነጋገር እንዲሁ አላነሳውም። ከ1928 እስከ 1933 በነበረው የወረራ ዘመን እነ በላይ ዘለቀ ጣሊያንን በተዋጉበት አገር እጅ መስጠት የጦር ሜዳ ነገር ነው፤ ከስሮ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ ሊሸከመው አይገባም። ለእሱ «በቃኝ አለ» ይበቃዋል።

አንዱን ብቻ እንዳለ አስገባዋለሁ። እንግሊዞች መላ ያጣን ሰው «ከገመዱ ጫፍ ደረሰ» ይሉታል፤ መነሻው በችካል ታስሮ የሚግጥ ከብት ነው። ከብት አስሮ ያደገ አንባቢ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሀዲስ አለማየሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው ነበሩ። በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለ ወንጌል ሳታገባ የቆየችው አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ጠያቂዎቿን እየመለሱባት ነው። የምትወደውን በዛብህንም ስለ እሱ የተገባ ስለት አስሮታል። ሁለቱን «ተስፋ ቆረጡ» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ የበደሉን ባለቤት ይሰውራል።

እኔ የምገለገልባቸው መዛግብተ ቃላት ይህን ልዩነት እምብዛም አያሳዩም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራንና ተማሪዎች ይህን አነጋገር ከእናቶችና ከገበሬዎች አፍ፣ ማን ለማን መቼ እንዳለው ጭምር ቢመዘግቡልን ለተርጓሚው ትልቅ ውለታ ነው።