የተማሪ ፊልም፤ ጉድለቱና ዳኛው

በጀማሪ ከያኒ ሥራ ላይ ዘወትር ሁለት ዓይነት ሂስ ይሰነዘራል። አንደኛው የማባበል ሂስ ነው፤ «ተማሪ ነውና ይታለፍለት» ይላል። ሁለተኛው የንቀት ሂስ ነው፤ «ከተማሪ ምን ይጠበቃል?» ይላል። ሁለቱም የሠሪውን ዕድሜ እንጂ ሥራውን አይመለከቱም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር ፊልሞች በሕዝብ ፊት የሚታዩበት ምሽት ግን ሥራን እንደ ሥራ የሚመዝን ዳኝነት ይጠይቃል። የዚህ ዳኝነት መነሻም ጉድለትን ከጉድለት መለየት ነው፤ የመሣሪያ ጉድለት አለ፣ የአመለካከት ጉድለትም አለ።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን የፊልም ትርኢት እ.ኤ.አ. በ2011 የመጨረሻ ወራት በሎስ አንጀለስ ከተማ ቀርቦ ነበር። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የፊልምና የቴሌቪዥን ቤተ መዛግብት፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ጥቁር ተማሪዎች የሠሯቸውን ፊልሞች ሰብስቦ በቢሊ ዋይልደር ቴአትር ለሕዝብ አሳየ። ትርኢቱ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» በሚል ስም ቀረበ፤ ይህን ስም ለተማሪዎቹ እንቅስቃሴ ያወጣለት ሃያሲው ክላይድ ቴይለር ነው። ከፊልሞቹ ብዙዎቹ አጫጭር የክፍል ሥራዎች ነበሩ። የክፍል ሥራ ከአርባ ዓመት በኋላ እንደገና ለአደባባይ የሚበቃበት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1965 የዋትስ ሠፈር ጥቁር ነዋሪዎች በፖሊስ ግፍ፣ በሥራ አጥነትና በዘር አድልዎ ተማርረው ተነሡ፤ በዚያ ሁከት 34 ሰዎች ሞቱ። ዩኒቨርሲቲው ያለው ከዋትስ ርቆ፣ ባለጸጎች በሚኖሩበት የከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ የሠፈሩ ጩኸት ከግቢው አጥር ውጪ አልቀረም። በተማሪዎች ግፊት ለጥቁሮችና ለሌሎች የተገፉ ሕዝቦች ልጆች የፊልም ትምህርት በር ተከፈተ። በዚህ በር ከገቡት መካከል ቻርልስ በርኔት፣ በርናርድ ኒኮላስና ጁሊ ዳሽ ይገኛሉ። ጎንደር ተወልዶ ያደገውና እ.ኤ.አ. በ1967 ቴአትር ሊማር ወደ ቺካጎ የሄደው ኃይሌ ገሪማም ኋላ ከእነዚሁ ተማሪዎች ጋር ተቀላቀለ።

ለጀማሪው ተማሪ የሚሰጠው መሣሪያ ትንሽ ነበር፤ ጠባብ ፊልም የምትይዝ ባለ 8 ሚሊሜትር ካሜራ። ተማሪው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አንሥቶ፣ ራሱ ቆርጦና ቀጥሎ የመጀመሪያ ሥራውን ያቀርባል። የተዋናይን ንግግር ከከንፈሩ እንቅስቃሴ ጋር አዋሕዶ መቅዳት በማይቻልበት ሁኔታ ድምፅ ከምስሉ ተለይቶ ይዘጋጃል። ሰነፍ ሠሪ ይህን የችግር ማመካኛ ያደርገው ነበር። የኃይሌ ገሪማ «የአሸዋ ሰዓት» (እ.ኤ.አ. 1971) ግን ከችግሩ ቅርፅ አወጣ። ባለታሪኩ በነጭ ተመልካቾች ፊት የሚጫወት ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ፍራንዝ ፋኖንን ማንበብ ሲጀምር «የምጫወተው ለማን ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ይደርሳል። በምስልና በድምፅ መካከል የተፈጠረው ክፍተት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል፤ ገላው የሌሎች መዝናኛ ሆኖ ሲሮጥ ኅሊናው በሌላ መንገድ ይጓዛልና። የመሣሪያው ድህነት ይዘቱን አላደኸየውም።

የበርናርድ ኒኮላስ «የቀን ሕልም ፈውስ» (እ.ኤ.አ. 1977) በዚሁ መንገድ የተሠራ ስምንት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው። አንዲት የሆቴል ሠራተኛ በሥራዋ ላይ የሚደርስባትን ውርደት በሕልም ታመልጠዋለች። ፊልሙን የሚመራው ኒና ሲሞን የተጫወተችው፣ ብሬኽትና ቫይል «ለሦስት ሳንቲም ኦፔራ» የደረሱት የአንዲት አገልጋይ የበቀል ዘፈን ነው። የጀርመን ቴአትር ዘፈን በጥቁር ሴት ድምፅ አልፎ በካሊፎርኒያ የምትሠራ ሴት ቁጣ ሲሆን፣ ውርስ ማለት መቅዳት ሳይሆን ለራስ ጥያቄ ማዋል መሆኑ ይገለጣል።

የቻርልስ በርኔት «ፈረሱ» (እ.ኤ.አ. 1973) ደግሞ በዝምታ ይናገራል። ሊገደል የተወሰነበት ፈረስ አለ፤ የሚያሻሸው አንድ ጥቁር ልጅ አለ፤ ጥይት የሚተኩሰውን ሰው እየጠበቁ የተቀመጡ ነጮች አሉ። ፊልሙ መፈክር አያሰማም። ነገር ግን የልጁን እጅና የነጮቹን መሰልቸት አጠገብ ለአጠገብ አይቶ ጭቆና ምን እንደሚመስል የማይረዳ ተመልካች አይገኝም።

ከዚህ ላይ የማባበል ሂስን መተው ግድ ይሆናል። የኃይሌ ገሪማ «የተጋድሎ ልጅ» (እ.ኤ.አ. 1972) አንጄላ ዴቪስ በካቴና ታስራ በቴሌቪዥን ከታየች በኋላ ደራሲው ካለመው ሕልም የተወለደ ነው። ባርባራ ኦ ጆንስ የምትጫወታት እስረኛ ለሕዝቧ ያላትን ስጋትና ተስፋ በሕልም ዓለም ታያለች። የተዋናይቱ ፊት ብቻውን አንድ ድርሰት ነው። ሆኖም በ36 ደቂቃ ውስጥ ምሳሌ በምሳሌ ላይ ይደራረባል፤ ተመልካች አንዱን ፈትቶ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል። ፊልሙ የሚናገርለት ሠራተኛ ከድካሙ መልስ ቢያየው ቁጣውን ይጋራል፣ ሐሳቡን ግን በከፊል ያጣዋል። ይህ የካሜራ ጉድለት አይደለም፤ ለማን እንደሚነገር በተናገሩ ቁጥር ያለማስታወስ ጉድለት ነው። ይህን ማለት ፊልሙን ማሳነስ ሳይሆን በቁም ነገር መያዝ ነው።

ሠሪውም በዚያው አልቆመም። የመመረቂያ ሥራው በሆነው «ቡሽ ማማ» ያችው ተዋናይ በዋትስ በመንግሥት ድጎማ የምትኖር እናት ሆና ቀረበች፤ ምሳሌው በኑሮ ተተካ። ካሜራ ከያዙት አንዱም በርኔት ነበር። እነዚህ ተማሪዎች አንዱ ለአንዱ ካሜራ እየያዘ፣ አንዱ በሌላው ፊልም እየሠራ፣ እንደ ገበሬ ወንፈል ተጋግዘዋል። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ስለ ጭሰኛና ባላባት በአማርኛ የሠራው «ምርት፤ የሦስት ሺህ ዓመት» ለማን እንደሚናገር አጥርቶ ያወቀ ፊልም የሆነው ከዚህ ሁሉ ልምምድ በኋላ ነው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1974 ጀምሮ ያስተማረውና እ.ኤ.አ. በ2010 ያረፈው ኢትዮጵያዊው ምሁር ተሾመ ገብርኤል፣ የሦስተኛው ዓለም ፊልም ከሆሊውድ ቅጂነት ተነሥቶ፣ የራስን በማስታወስ አልፎ፣ ወደ ተጋድሎ እንደሚያድግ አስተምሯል። በመጨረሻው ደረጃ ተመልካቹ የሚደነቅ ብቻ ሳይሆን የሚከራከር ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ የ2011ዱ ትርኢትም ያልመለሰው ጥያቄ ነበረበት። ቢሊ ዋይልደር ቴአትር የሚገኘው ባለጸጎች በሚኖሩበት በዌስትውድ፣ በሐመር ሙዚየም ውስጥ ነው። የዋትስ እናትና የሆቴል ሠራተኛዋ በሸራው ላይ ነበሩ፤ በወንበሩ ላይስ? ቤተ መዛግብቱ ፊልሞቹን ከመጥፋት ማዳኑ ታላቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ፊልም የሚድነው ከብልሽት ብቻ አይደለም፤ ከባለቤቶቹ ተለይቶ ከመቅረትም መዳን አለበት።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ መምህራንና ለኪነ ጥበብ ሠራተኞች ሩቅ አይደለም። ዛሬ በተማሪ ኪስ ያለው ስልክ ከዚያ ዘመን የክፍል ካሜራ ይልቅ ጥርት ያለ ምስል ያነሣል፣ ድምፅም አብሮ ይቀዳል። የመሣሪያ ጉድለት እንደ ማመካኛ እየሳሳ በሄደ ቁጥር የአመለካከት ጉድለት ገሃድ ይወጣል። ስለዚህ የተማሪዎች ፊልም ምሽት የምስክር ወረቀት ማደያና የጭብጨባ ሥነ ሥርዓት ብቻ ሆኖ መቅረት አይገባውም። ስለ ጉሊት ነጋዴ የተሠራ ፊልም የጉሊት ነጋዴዎች በተቀመጡበት ይታይ፤ መብራቱ ሲበራም መጀመሪያ እነርሱ ይናገሩ። መምህሩ ከእነርሱ ቀጥሎ ይፍረድ። ቅጂውም ከምሽቱ በኋላ በመሳቢያ ተረስቶ እንዳይቀር በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በወግ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ተማሪው ውዳሴ ወይም ንቀት ሳይሆን ከሁለቱም የሚበልጠውን ያገኛል፤ ፊቱን የሚያውቀውና ለሚቀጥለው ፊልሙ የሚጠይቀው ዳኛ ይኖረዋል።