ቀልባችንን ከሰበሰብን በኋላ

«ማይንድፉልነስ» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። በስልክ መተግበሪያ፣ በሥራ ቦታ ሥልጠና ወይም ጓደኛ በላከላችሁ ቪዲዮ ሰምታችሁታል። ትንፋሻችሁን አዳምጡ፣ ሐሳባችሁን ወደ አሁኑ ቅጽበት መልሱ ይላል። በወጣቶች ኅብረት ይህ ጉዳይ ሲነሣ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንዱ «የሌላ ሃይማኖት አምልኮ ነው፤ አትንኩት» የሚል ነው። ሌላው «የአተነፋፈስ ስፖርት ነው፤ ምን ችግር አለው?» የሚል ነው። ሁለቱም መልስ ሰጪዎች አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ከተጻፈበት መጽሐፍ አንድ ገጽ እንኳ አላዩም። ስለዚህ በዚህ እትም አንዱን መጽሐፍ ገልጠን አብረን እንመርምረው።

መጽሐፉ የቬትናማዊው የዜን መነኩሴ የቲክ ናት ሃን «የማይንድፉልነስ ተአምር» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ዜን» የጃፓንኛ ቃል ሲሆን ምንጩ የሳንስክሪቱ «ድያና»፣ ማለትም ተመስጦ ነው። ከሕንድ ወደ ቻይና፣ ከቻይና ወደ ጃፓንና ወደ ቬትናም የተጓዘ የቡድሂዝም መንገድ ነው። ጸሐፊው በ1926 ተወልደው በ2022 አርፈዋል። በ1966 ስለ ሰላም ለመናገር ከአገራቸው ከወጡ በኋላ እስከ 2005 ድረስ መመለስ አልቻሉም። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1967 ለኖቤል የሰላም ሽልማት ያጯቸው እርሳቸውን ነበር።

መጽሐፉን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሲጀመር መጽሐፍ ሆኖ አልተጻፈም፤ በ1974 ከስደት አገር የተላከ ረጅም ደብዳቤ ነው። ተቀባዮቹ በጦርነት መካከል የተቃጠሉ መንደሮችን የሚሠሩ፣ ሕፃናትን የሚያስተምሩና በሽተኞችን የሚረዱ የአንድ ማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነበሩ። ከመካከላቸው የተገደሉም አሉ። መምህራቸው ከሩቅ ሆነው የሚጽፉላቸው ልባቸው በጥላቻና በድካም እንዳይሰበር ነው። ዛሬ በስልካችን ላይ «በአሥር ደቂቃ ጭንቀትህን አራግፍ» ተብሎ የሚሸጠው ነገር ይህን ታሪክ አይነግረንም። ልምምዱን ወደ ሕክምናው ዓለም በማስገባት ስማቸው የሚነሣው ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥልጠና ሲያዘጋጁ፣ ሃይማኖታዊ ቋንቋውን ትተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ብዙ ነጋዴዎች ደግሞ አገልግሎቱንም ጨምረው ጣሉት። ደብዳቤው የተጻፈው ለሌላው ለሚደክሙ ሰዎች ነበር፤ መተግበሪያው ግን ስለ ራሴ ምቾት ብቻ ያወራኛል።

የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ በአማርኛችን የታወቀ ነው፤ ቀልብን መሰብሰብ። ጸሐፊው ምሳሌያቸውን የሚያመጡት ከቤተ መቅደስ ሳይሆን ከማድ ቤት ነው። ሳህን እያጠባችሁ ሐሳባችሁ ሁሉ በኋላ በምትጠጡት ሻይ ላይ ከሆነ፣ በእጥበቱ ሰዓት በዚያ አልነበራችሁም። ሻዩ ሲመጣም ልባችሁ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳልና ሻዩንም አትጠጡትም። አንድ አሜሪካዊ ወዳጃቸውም ስለ ወደፊት እቅዱ እያወራ መንደሪን ይበላ ነበር፤ አንዱን ቁራሽ ሳይውጥ ሌላውን ወደ አፉ ያስጠጋል። እየበላ ያለው መንደሪኑን ሳይሆን እቅዱን እንደ ነበር ያሳዩታል።

ይህ በዜን የቆየ ትምህርት ነው። ጃፓናዊው መምህር ዶገን በ1237 ለገዳም ወጥ ቤት ኃላፊ የሚሆን መመሪያ ጽፎ ነበር። በዚያ ውስጥ በቻይና ያገኛቸውን አንድ አዛውንት ያስታውሳል። ሽማግሌው በቀትር ፀሐይ ምግብ ሲያሰጡ አይቶ «ለምን ረዳት አያዝዙም?» ቢላቸው፣ የሌላው ሥራ የእርሳቸው ሥራ ሊሆን እንደማይችል ነገሩት። ተራውን የእጅ ሥራ የሚንቅ ሰው ጸሎቱንም ይንቃል የሚል መልእክት አለው።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ይህ ትችት እኛንም ይነካናል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲፈላ አጠገባችን የተቀመጠችውን እናታችንን ስንት ጊዜ ቀና ብለን አየናት? በጥሞና ሰዓታችን መጽሐፍ ቅዱሱ ተከፍቶ አውራ ጣታችን ስልኩ ላይ የሚሮጠው ለምንድን ነው? ነቢዩ ኢሳይያስ በከንፈሩ እየቀረበ ልቡ የራቀውን ሕዝብ የወቀሰው ዜን ወደ ጃፓን ከመግባቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው (ኢሳ. 29፥13)። ጌታም ማርታን በብዙ ነገር እንደምትታወክ ነግሯታል (ሉቃ. 10፥38–42)። ቀልብ መበተን በሽታ መሆኑን ከመነኩሴው ለመስማት ካሳፈረን፣ ቀድሞ በእጃችን ያለውን መጽሐፍ ባለማንበባችን እንፈር።

ነገር ግን በሽታውን ያወቀ ሁሉ መድኃኒቱን ያውቃል ማለት አይደለም። ከመጽሐፉ ጋር የምንለያይባቸውን ሦስት ቦታዎች ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ከርእሱ ይነሣል። ጸሐፊው ሰዎች በውሃ ላይ መራመድን ተአምር ይሉታል፣ እውነተኛው ተአምር ግን በምድር ላይ መራመዳችን ነው የሚል ሐሳብ አላቸው። ግማሹን ደስ ብሎን እንቀበላለን። ተአምር ፍለጋ ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ የምንዞር ሰዎች ዛሬ ጠዋት ስለ ተነፈስነው አየር አመስግነን አናውቅ ይሆናል። ሆኖም ጴጥሮስን አስታውሱ (ማቴ. 14፥28–31)። በውሃው ላይ መስጠም ሲጀምር ቀልቡ አልተበተነም ነበር። ነፋሱን በደንብ አይቶታል፤ ማዕበሉ የዚያ ቅጽበት እውነት ነበር። ያዳነው ቅጽበቱን አጥርቶ ማየቱ አልነበረም፤ በቅጽበቱ ውስጥ አብሮት የነበረው እጁን ዘርግቶ ያዘው። «አሁን» ብቻውን ጌታ የሌለበት ባሕር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ስሜትን ስለ መመልከት ነው። መጽሐፉ ቁጣም ሆነ ኀዘን ሲመጣ ሳትታገሉት መምጣቱን እወቁ፣ ሲሄድም መሄዱን እወቁ ይላል። ይህ በቁጣ ከሚመታ እጅ ይሻላል፤ ብዙ ጠብንም ያበርዳል። ግን አንዳንድ ሐሳብ ዝም ብሎ የሚያልፍ ደመና አይደለም፤ በር የሚያንኳኳ መልእክተኛ ነው። ወንድሜን ከበደልሁና ልቤ ከወቀሰኝ፣ ያ ወቀሳ እስኪያልፍ መተንፈስ የለብኝም። ጌታ መባህን ትተህ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ ብሎኛል (ማቴ. 5፥23–24)። ለጸሐፊው ፍትሕ እንስጥ፤ በመልመጃዎቻቸው ውስጥ የሚጠሉትን ሰው በርኅራኄ ማሰብን ያስተምራሉ። ነገር ግን ንስሐ የምንገባለትና ይቅር የሚለን አንድ አካል በገጾቹ ውስጥ የለም። የሚመለከት ሰው አለ፤ የሚሰማው አባት ግን የለም።

ሦስተኛው ከሁሉ የጠለቀው ነው። መጽሐፉ እንደ ቡድሂዝም ትምህርት ሰውን የአምስት ነገሮች ስብስብ አድርጎ ያያል፤ አካል፣ ስሜት፣ ግንዛቤ፣ የአእምሮ እንቅስቃሴና ንቃት። ከእነዚህ ተነጥሎ የሚቆም «እኔ» የለም። አንባቢው የራሱን አፅም እንዲያስብ የሚጋብዝ መልመጃም አለ፤ ይህን የተረዳ ሰው ሞትን አይፈራም ነው ነገሩ። ቦምብ በሚወርድበት አገር ላሉ ወጣቶች ይህ የቀልድ ትምህርት አይደለም፤ በአክብሮት እናንብበው። የእኛ ተስፋ ግን ሌላ ነው። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ አጠገብ ጌታን ያወቀችው በስሟ ሲጠራት ነው (ዮሐ. 20፥16)። የትንሣኤው ማለዳ ስምን አልሰረዘም፤ ጠራው እንጂ። እናቱን የቀበረ ልጅ «ተለይታ የምትኖር እናት መጀመሪያም አልነበረችም» ከሚለው ይልቅ «በስሟ ትጠራለች» የሚለውን ቢይዝ፣ እውነትን ስለ ያዘ ነው እንጂ ደካማ ስለ ሆነ አይደለም።

ታዲያ ማድ ቤቱን ለዜን ትተን እንውጣ? በፍጹም። በ17ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ በአንድ ገዳም ወጥ ቤት ለዓመታት የሠራ ወንድም ሎውረንስ የሚባል ሰው ነበር። በ1691 ከሞተ በኋላ ንግግሮቹና ደብዳቤዎቹ ተሰብስበው «የእግዚአብሔርን መገኘት መለማመድ» በሚል ርእስ ታወቁ። በተፈጥሮው የወጥ ቤት ሥራ አይወድም ነበር። ቢሆንም ድስትና ሳህን በሚንኳኳበት ስፍራ ከጌታ ጋር መነጋገርን ተማረ፤ በጸሎት ሰዓትና በሥራ ሰዓት መካከል ልዩነት እስኪጠፋበት ድረስ። መነኩሴው ቲክ ናት ሃንና ወንድም ሎውረንስ በአንድ ዓይነት ውሃ ሳህን ያጥባሉ። አንዱ ቀልቡን ሰብስቦ በሳህኑ ላይ ያሳርፈዋል። ሌላው ቀልቡን ሰብስቦ ለሚወደው ይሰጠዋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትንሽም አይደለም።

አንዳንዶቻችሁ «ሐኪም ወይም አማካሪ ለጭንቀቴ የአተነፋፈስ ልምምድ ቢያዝልኝ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ትንፋሽ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም፤ የሰጠን እግዚአብሔር ነው (ዘፍ. 2፥7)። ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ ሕክምናችሁንም አታቋርጡ። የሚጠየቀው ከትንፋሹ ጋር ምን ትምህርት አብሮ እንደሚገባ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ማንበብ የምትፈልጉ ብቻችሁን አታንብቡት፤ ከጥናት ቡድናችሁ ጋር፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ከጎን ከፍታችሁ አንብቡት። ጥሩውን አመስግናችሁ ውሰዱ፣ የጎደለውን በስሙ ጥሩት።

እስከዚያው በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። አንድ ምሽት የቤቱን ዕቃ ለማጠብ እናንተ ተነሡ። ስልኩ በሌላ ክፍል ይቆይ። መዝሙርም አትክፈቱ። ውሃው ሲሞቅ፣ ሳሙናው አረፋ ሲሠራ፣ ከእያንዳንዱ ሳህን የበላውን ሰው አስቡና በስሙ ጸልዩለት። የአባታችሁ ሳህን ጋ ስትደርሱ ያልታረቃችሁበት ነገር ትዝ ካላችሁ፣ እጃችሁን አድርቁና ወደ ሳሎን ሂዱ። ሳህኑ ይቆያችኋል።