22 ሰከንድ!

በስልኬ ሰዓት ይዤ ሦስቴ ሞከርኩት፤ ሦስቴም ያው ነው። ማብሪያውን ከተጫንኩ ጀምሮ ዴስክቶፑ ሙሉ በሙሉ እስኪመጣ 22 ሰከንድ! ዎርድ ደግሞ ገና ጠቅ ከማድረጌ ይከፈታል። ይኸው ኮምፒውተር እኮ ነው ባለፈው ሳምንት አብርቼው ሄጄ፣ ቡና ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ ጀበናውን ጥጄ ስመለስ ገና ነጠብጣቦቹን እያዞረ የሚጠብቀኝ!

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ገበያ ላይ የዋለ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ። የትርጉም ሥራዬን በሙሉ የምሠራው በእሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንጀቴን አሳርሮታል። ፎርማት አስደረግኩት፤ ለሳምንት ቀለል አለውና ተመልሶ ያው ሆነ። ታስክ ማናጀርን ስከፍት ፕሮሰሰሩ 7 በመቶ፣ ዲስኩ 100 በመቶ ይላል። ይህን ቁጥር ስንቴ አይቼዋለሁ! ምን እየነገረኝ እንደሆነ ግን አልገባኝም። በቃ ልጣለው ብዬ ስቆርጥ ነው መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ወጣት ጠጋኝ ከፍቶ ያየው።

«እትዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር ምንም አልሆነም። የሚያስጠብቅዎት ዲስኩ ነው። ኤስኤስዲ እናስገባለት።»

ከዚያ ከመሳቢያው የሞተ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ክዳኑን ፈታልኝ። ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራ ሰሃን፣ በላዩ የተዘረጋ ቀጭን ክንድ፤ ቁርጥ የሸክላ ማጫወቻ! ሰሃኑ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። ብዙ ይመስላል፤ ግን አንዱ ዙር ብቻ 8 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ክንዱም ከቦታ ቦታ መመላለስ አለበት። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በየጥጉ የተበተኑ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠራል። ክንዱ ወዲያ ይሮጣል፣ ወዲህ ይመለሳል፤ ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ያ ሌሊት ሌሊት የምሰማው ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ ለካ የክንዱ ሩጫ ኖሯል!

ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር የለም፣ የሚሮጥ የለም። ቺፕ ብቻ ነው። ፋይሉ የትም ይቀመጥ የት፣ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይደርስበታል፤ ሃርድ ዲስኩ ግን ለዚያው ሥራ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊወስድ ይችላል። መቶ እጥፍ! ይህ ሁሉ የመጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ቶሺባ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ከፈለሰፉት የፍላሽ ማህደረ ትውስታ ነው። በኪሳችን የምንይዘው ፍላሽ፣ የስልካችን ፎቶ ማስቀመጫ፣ ሁሉም የዚያው ዘር ነው። እጃቸው ይባረክ!

አገጣጠሙስ! ዕቃው 240 ጊጋ ነው፤ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር፣ ከመዳፌ የማይበልጥ፣ ከስልኬ የሚቀል። ወጣቱ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ገለበጠው፤ ፎንቶቼ፣ ሰነዶቼ፣ ከዴስክቶፑ ጀርባ ያለችው የልጄ ፎቶ ሳትቀር። ሁለት ኬብል ሰካ፤ አንዱ የዳታ፣ አንዱ የኃይል። ባዮስ ገብቶ ከአዲሱ እንዲነሳ አዘዘው። አለቀ! አሮጌውን አልጣልነውም፤ ቪዲዮና ፎቶ ማከማቻ ሆኖ እዚያው ኬዙ ውስጥ ቀርቷል። የምትሞክሩት ካላችሁ፣ ከመገልበጡ በፊት ዋና ዋና ሥራችሁን ሌላ ቦታ ላይ ቅዱ፤ ከዚያ በኋላም ልማዱን አትተዉ፤ ኤስኤስዲም አንድ ቀን ሳያስጠነቅቅ ሊሞት ይችላል።

ትናንት ማታ ሥራ መሐል መብራት ጠፋ። ድሮ ቢሆን መብራቱ ቢመለስም የእኔ ምሽት አብቅቶለት ነበር። መብራቱ መጣ፣ ማብሪያውንና ራውተሩን እኩል ነካሁ። ሰነዴን ከፍቼ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደርሻለሁ፤ ራውተሩ ገና መብራቶቹን አንድ በአንድ እያበራ ነበር።